የልዑል ዘገየ ድንጋይ

ኦክቶበር 6፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛልኝ ሙጃሂድ ነው። ካሳ መሆኑ ነው። ቅዳሜ ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት ስከትፍ፣ እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ «ሽንኩርቱ በግራ መስመር ሰብሮ ገባ፣ ቢላዋው አልለቀቀውም፣ ዘይቱ ድስት ውስጥ ሆኖ ኳስ እየጠየቀ ነው» እያልኩ ስቀባጥር ደብቆ ቀርጾኝ፣ ሐበሻ ሁሉ ባለበት ግሩፕ ለቀቀው። መጨረሻ ላይ «ሙጃሂድ ዛሬ በልቷል፤ ጨዋታው አለቀ» ብዬ በአፌ ፊሽካ መንፋቴም አልቀረም። እስከ እሑድ ማታ አራት መቶ ሰው ሰምቶታል።

እኔ ድምፄ ከቤት ሲወጣ አልወድም። ስልክም አላነሳም፤ ለደወለልኝ ሁሉ በጽሑፍ ነው የምመልሰው። ሙጃሂድ «ስዊዘርላንድ ውስጥ ስልክ የማያነሳ ሐበሻ አንተ ብቻ ነህ፤ ሙዚየም ያስቀምጡህ» ይለኛል።

ኩርፊያው አንድ ቀን ተኩል ቆየ። ከዚያ ደብተሩን ይዞ መጣና «ለሰው ካላወራህ ለዚህ አውራ» አለኝ። ታረቅን። ሁለታችን ዲቤንዶርፍ አንድ ቤት ተከራይተን እንኖራለን፤ የምንሠራው ክሎተን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ነው። እኔ የመንገደኛ ምግብ ትሪ ላይ እደረድራለሁ፣ እሱ አውሮፕላን ያጸዳል። እኔ ያበላሁት ሰው እሱ ያጸዳውን መልሶ ያቆሽሻል፤ ስለዚህ ሁለታችንም ሥራ አናጣም።

ድምፁን ከግሩፑ አስጠፍቼዋለሁ።

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

ማስጠፋቴ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ሶሊያና የምትባል ልጅ ጻፈችልኝ። ጄኔቭ ተወልዳ እዚህ ዙሪክ የጌም ሥራ የተማረች ናት። ከጓደኞቿ ጋር ሆና በአማርኛ የሚናገር ጌም እየሠራች ነው፤ የጀግናውን ድምፅ ስትፈልግ ሽንኩርቱን ሰማች። ጀግናው ልዑል ነው። እኔ ልዑል። ሙጃሂድ መልእክቱን ካየ ጀምሮ ቆሻሻ እንድጥል ሲፈልግ «ልዑልነትዎ» ነው የሚለኝ።

አልመለስኩላትም። ጉንፋን ቢጤ ይዞኛል።

ኦክቶበር 12፣ እሑድ

ሄድኩ፤ ለማየት ያህል።

ባንሆፍ፣ ባቡር ጣቢያው ሰዓት ሥር ተገናኘን። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ ሲያልቅባት በፈረንሳይኛ ትሞላዋለች። ታሪኩን ቆመን እያለን ጀምራ ቡናችን እስኪቀዘቅዝ ነገረችኝ።

ልዑል ዘገየ ደግ ሰው ነው። ስሙ የአያቷ ነው አሉ። እንዲህ የሚባል ልዑል ለራሱ ሠርግም አይደርስ አልኳት፤ አልሳቀችም። የጥላ ንግሥት የምትባል ጠንቋይ ጆሮው ውስጥ ትንሽ ደወል ትሰቅልበታለች። ደወሉ ሲመታ አፉ የእሷ ነው። የገዛ ሰዎቹን በዚያ በሚያምኑት ድምፁ ይጠራቸዋል፤ በር ከፍተው ሲወጡ ትይዛቸዋለች። ጌሙ የሚጀምረው ደወሉ ከተሰበረ በኋላ ነው። ልዑሉ ነፃ ነው፤ ግን ድምፁን ስለሚፈራው አይናገርም። የተረፉት ሰዎቹ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። መጨረሻ ላይ ከዋሻው በር ቆሞ ሊጠራቸው ይገባል፤ እነሱ ደግሞ ያንን ድምፅ ያውቁታል።

«ጥፋተኛ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ጌሙ አይነግርም» አለች። «ሰው ይጫወታል፣ ከዛ ራሱ ያስባል። ቮያላ፣ በቃ።»

«አንቺስ?»

«እኔ እወደዋለሁ።»

እሺ አልኳት። ለምን እንዳልኩ እንጃ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ተናገርኩ፦ ቀረጻው እዚሁ ይሁን፣ ጄኔቭ አልሄድም፤ ንፋሱ አይስማማኝም። «ሄደህ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም።

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ቀረጻ። ስቱዲዮ የተባለው የድሮ ፋብሪካ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ድምፅ የሚቀርጸው ሉካስ የሚባል የአገሩ ልጅ ነው፤ አማርኛ አይሰማም።

ልዑሉ ደወሉ ጆሮው ውስጥ እያለ የሚናገረውን አስቀደምን። «በሩን ክፈቱ። የምላችሁን ታደርጋላችሁ። ሳይመሽ ታደርጋላችሁ። ልጆቻችሁ እጄ ላይ ናቸው።» አንድ ገጽ ሙሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳልሳሳት። ስጨርስ ሉካስ ማዳመጫውን አውልቆ ክንዱን አሸ። ምን እንዳልኩ ሶሊያናን በጀርመንኛ ጠየቃት። በሩን ክፈቱ ነው ያለው አለችው። አላመናትም።

«የት ነው የተማርከው?» አለችኝ። ዝንባሌ ነው አልኳት።

ከዚያ ቀላሉ መጣ። ደወሉ ከተሰበረ በኋላ ልዑሉ የሚናገረው የመጀመሪያ ነገር «እኔ ዘገየ ነኝ» የሚል ነው። ሦስት ቃል። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩ። አንዴ ድምፄ ጠፋ፣ አንዴ ሳል መጣ፣ አንዴ ስሙን ረሳሁት። ለሌላ ቀን አሳደርነው። ጉሮሮዬ ነው።

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

ማር። ዝንጅብል። ሎሚ። ብቻዬን ስለው ጥርት ብሎ ይወጣል። ጉሮሮው ሰው ሲያይ ነው የሚታመመው።

ኦክቶበር 23፣ ሐሙስ

ጊዜ የለም። ሁለት ሰው ታሞ ቀርቷል። ስምንት መቶ ትሪ። ዶሮ፣ ፓስታ፣ ዶሮ፣ ፓስታ። የእያንዳንዱን ክዳን ስዘጋ ደስ ይለኛል፤ የማላውቀው ሰው ሰማይ ላይ ሆኖ ይበላል። አለቃችን «ይልማ፣ ለትሪ ምን ያስቅሃል?» አለኝ።

ኦክቶበር 28፣ ማክሰኞ

ትናንት ሙጃሂድ የዋሻውን ሰዎች ሆኖ አለማመደኝ። በድስት ክዳን ፊቱን ከልሎ በቀጭን ድምፅ «በር ላይ ያለው ማነው?» ይላል፤ እኔ ሳቄ መጥቶ ሥራ ፈታን። ሳቅ ሲኖር ጉሮሮዬን አያመኝም።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ እሱ ሳሎን ሆኖ ከእህቱ ጋር በስልክ ያወራ ነበር። መግባቴን አልሰማም። «ተኝቶ ስልክ ያወራል እኮ፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እሱ ግን ሰው ይለምናል፣ ደግሞ ይቆጣል፣ ደግሞ ይለምናል» ይላታል። ስለ ማን እንደሆነ አልገባኝም። ሰላም ብዬ ገባሁና ሩዝ ጣድኩ።

ኖቬምበር 2፣ እሑድ

ሶሊያና አዲስ ነገር ይዛ መጣች። ዋሻው ውስጥ ያለችውን አሮጊት የምትናገረው አክስቷ ናት፤ ሕብስት ይባላሉ፣ ጄኔቭ ላንሲ ነው የሚኖሩት፣ ጡረተኛ ናቸው። ሽንኩርቱን እሳቸውም ሰምተውታል። «ይህ ልጅ ማነው? እሱ ካለበት እሠራለሁ፣ ከሌለበት አልሠራም» አሉ አሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዙሪክ መምጣት አይችሉም። ስለዚህ እኔ ልሂድ።

ንፋሱን አስታወስኳት።

«ላ ቢዝን ነው የምትለው?» አለች። ላ ቢዝ የሚባል ከሐይቁ የሚነሳ ቀዝቃዛ ንፋስ በእርግጥ አለ ለካ። «አትፍራ፣ ሻርፕ እናለብስሃለን፣ እሺ? ዳኮር?»

ውሸት ሲያምር እውነት ሆኖ ቁጭ አለ። ዳኮር አልኳት።

ኖቬምበር 5፣ ረቡዕ

የዕረፍት ቀኔ ነው። ሙጃሂድ ሥራ ነው። ቤቱን ጠረግሁ፣ መስኮት ወለወልኩ፣ የሙጃሂድን ካልሲዎች እንኳ ጥንድ ጥንዳቸውን ፈለግሁ። ከዚህ በኋላ የሚቀረኝ መጻፍ ነው።

ሊቢያ አንድ መጋዘን ውስጥ ሰባት ወር ታግቼ ነበርኩ። ስምንት ዓመት ሆነው። ካርቱም ሠርቼ ስለነበር ዓረብኛ እችላለሁ፤ በዚህ ምክንያት አጋቾቹ ደዋይ አደረጉኝ። ዘበኛው በዓረብኛ ይናገራል፣ እኔ በአማርኛ ለቤተሰብ አስተላልፋለሁ። ገንዘብ ላኩ፣ ፍጠኑ፣ አለዚያ እንዲህ ይሆናል። ቃሉን ካለሰለስኩ የሚመታው እኔ ሳልሆን ስልኩ የተደወለለት ልጅ ነው። ስለዚህ አላለሰልስም ነበር። ጎበዝ ደዋይ ነበርኩ። ስም አውጥተውልኛል፣ ዳኒ። ስልኩ የእነሱ ነው፣ ቃሉ የእነሱ ነው፣ ስሙም የእነሱ ነው። ድምፁ ግን የእኔ ነበር።

ጄኔቭ የምደውልላት አንዲት ሴት ነበረች። ሦስት ጊዜ። የእህቷ ልጅ ሚሊዮን ከእኛ ጋር ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ስሟን አልነገሩኝም፤ ቁጥሯን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አንድ ቀን ሚሊዮንን ከሌሎች ጋር በመኪና ወሰዱት። ለቀቁት ወይስ ለሌላ አሳልፈው ሰጡት፣ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። እዚህ ደርሼ ካንቶን፣ ማለት ክፍለ ሀገር፣ ሲደለድሉኝ ዙሪክ ስለደረሰኝ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ። ጄኔቭ ብሆን ኖሮ ትራም ላይ «ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ» ባልኩ ቁጥር አንዲት ሴት ዞር እንዳትል እፈራ ነበር።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ እጄን ታጠብኩ። ልዑሉ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ደወል ነበረበት።

ሙጃሂድ መጣ። ፊቴን አየ። ኪሱ ውስጥ ሟሙቶ ድቡልቡል የሆነ ቸኮሌት ሰጠኝ። ካልሲዎቹን ሲያይ ግን «ምን አጥፍተህ ነው?» አለኝ።

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ

ሶሊያናን መጨረሻው ልክ አይደለም አልኳት። እንደ ጻፈችው ልዑሉ ከዋሻው በር ቆሞ «ሕዝቤ ሆይ፣ ነፃ ወጥታችኋል» እያለ ይጮኻል።

«እንዲህ አይልም» አልኳት። «ድምፁን ያውቁታል። ቢጠራቸው ይሸሻሉ። ድንጋይ ይሸከም።»

«ድንጋይ? ፑርኩዋ? ለምን? ሰው ሊመታ?»

አስረዳኋት። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የተበደለው ሰው በር ላይ ይቆማል፤ አንገቱን ደፍቶ። አይለፈልፍም። አውርድ የሚለው የተበደለው ነው።

«አውርድ ካላሉትስ?»

«ይቆማል።»

«ስንት ሰዓት?»

«ሶሊያና፣ ሰዓት የለውም።»

ሁለት ጊዜ ያህል እርሳሷን ነከሰች። ከዚያ ዓይኗ በራ። ተጫዋቹ ቁልፉን ተጭኖ ይይዛል አለች፤ ጣቱ ደክሞት ከለቀቀ ድንጋዩ ይወድቃል፣ እንደገና ይጀምራል። በሩ መቼ እንደሚከፈት አይነገረውም። «ሰዎች ይሰድቡኛል» አለች ደስ ብሏት።

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

የአክስቷን አድራሻ ላከችልኝ። ላንሲ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት አለ። በሩ ካልተከፈተ በዚህ ደውል ብላ የቤት ስልክ ቁጥር ጽፋለች። ዜሮ ሃያ ሁለት ብሎ ይጀምራል።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያው ነው።

ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ጻፍኩላት። ሳልልከው አጠፋሁት። እግሬን ወለም አለኝ ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። አንድ ጥሩ በሽታ እንኳ መምረጥ አቃተኝ።

ኖቬምበር 16፣ እሑድ

ከሙጃሂድ ጋር ግላት ወንዝ ዳር ድንጋይ ፍለጋ ወጣን። ለድምፅ ነው አልኩት፤ ሰው ሸክም ሲሸከም ድምፁ ይለወጣል፣ ቀረጻው እውነተኛ ይሆናል። እሱ እንደ ሐብሐብ ገዢ እያንኳኳ መረጠ። አንዱን «ይህ ለልዑል አይመጥንም» ብሎ ጣለው። ውሻ የምታንሸራሽር አንዲት ሴትዮ ቆማ ከወንዙ ድንጋይ መውሰድ ይፈቀዳል ወይ ብላ ጠየቀችን። አንድ ብቻ ነው አልናት። አንድ ከሆነ ምንም አይደለም አለች፤ ግን እስክንሄድ የምንወስደውን ቆጠረች።

ቤት ስንመዝነው አራት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም። ሙጃሂድ ሻወር ውስጥ በሳሙና አጠበልኝ። ሲያደርቀው ቀና ሳይል «ለድምፅ ብቻ ከሆነ አንድ ኪሎም ይበቃ ነበር» አለ። ድንጋዩን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እሱም አልደገመውም።

ኖቬምበር 22፣ ቅዳሜ፣ ባቡር ላይ፣ ስሄድ

ቦታ አግኝቻለሁ። ድንጋዩ ጭኔ ላይ። በርን የሚባለውን ከተማ አለፍን።

ቲኬት ተቆጣጣሪው ቦርሳዬን አየ። ድንጋይ ነው አልኩ። ሳቀ። አሳለፈኝ።

የምለውን ተለማመድኩ። ሁሉም ሰበብ ይመስላል። ተውኩት።

የባቡሩ ዋሻ አለቀ፣ ሐይቁ በአንዴ ብቅ አለ። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ውብ ነው። ሎዛን ላይ ልወርድ ተነሣሁ። ተቀመጥኩ።

ያው ቀን፣ ስመለስ

በሩን ራሳቸው ከፈቱ። እትዬ ሕብስት ረጅም ናቸው፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሠላሳ ዓመት ሕፃናት ማቆያ ስለሠሩ ነው መሰለኝ ሰውን የሚያዩት ጫማውን አስሯል አላሰረም ብለው ነው። ምንም ሳልል እንዳልቀር ጨብጫቸው «እንደምን ዋሉ» አልኩ፣ በሹክሹክታ። ጉሮሮህን አሞሃል ተብሏል፣ ግባ አሉኝ።

ስቱዲዮው የልብስ ቁም ሣጥናቸው ነው። በሩ ሰፊ፣ ውስጡ ክፍል የሚያህል፤ ልብስ ድምፅ ይውጣል ብላ ሶሊያና የመረጠችው ነው። ሁለታችን በካፖርትና በነጠላ መካከል ፊት ለፊት ሆንን፤ እኔ ቆሜ፣ እሳቸው በርጩማ ላይ። ሶሊያና ኮምፒውተሯን ይዛ ደጅ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ኦን ኒ ቫ፣ እንጀምር» አለች።

ድንጋዩን ከቦርሳ አወጣሁና ማጅራቴ ላይ አደረግሁት። «ለድምፅ ነው» አልኩ። እትዬ ሕብስት ድንጋዩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ ወረቀታቸውን ሳያዩ የአሮጊቷን ቃል ተናገሩ።

«በር ላይ ያለው ማነው?»

አፌን ከፈትኩ። የሙጃሂድ ድስት ክዳን ትዝ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልመጣም። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«እኔ ይልማ ነኝ» አልኩ።

ከደጅ ሶሊያና «ይልማ፣ ዘገየ ነኝ ነው የሚለው። አንኮር፣ እንደገና» አለች።

«አንቺ ዝም በይ» አሏት። ወደ እኔ ዞሩ። «ዳኒ ነበር ያልከኝ።»

«እሱ የእኔ ስም አይደለም፣ እትዬ።»

«ያኔም አልመሰለኝም» አሉ። «ሦስት ጊዜ ደውለህልኛል። ያን ሁሉ የሚያርድ ነገር ትልና፣ መጨረሻ ላይ በዚያው በቁጣ ድምፅ ዛሬ በልቷል ትለኝ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ። ማንም እንዲህ በል ብሎ እንዳላዘዘህ ገብቶኛል። እኔ እህል የሚወርድልኝ በዚያች ቃል ነበር። ሽንኩርቱ ላይ ሙጃሂድ ዛሬ በልቷል ስትል ማንኪያው ከእጄ ወደቀ።»

ይህን ደብተሩ ላይ አልጻፍኩትም ነበር። የማይቆጠር ነገር ነው ብዬ። ከዚያ ሁሉ ክፉ ቃል አጠገብ ሁለት ቃል ምን ትሆናለች። ደግሞም ሙሉ እውነት አልነበረችም።

«እትዬ፣ ሁለተኛው ቀን አልበላም ነበር። ዋሽቼ ነው።»

«ሚሊዮን ነግሮኛል» አሉ። «ያን ቀን አንተም አልበላህም።»

ነግሮኛል አሉ።  በሕይወት አለ? አልኩ፤ ለማለቴም እርግጠኛ አይደለሁም። ሎዛን ነው አሉኝ፤ ቧንቧ ሠራተኛ ሆኗል፣ በየሳምንቱ ይመጣል፣ መምጣቱ መልካም ሆኖ የእሳቸውን ደህናውን ቧንቧ ሁሉ እየፈታ ያስቸግራል። እኔ ልወርድ ተነሥቼ መልሼ በተቀመጥኩበት ከተማ። እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ አለቀስኩ፣ ድንጋዩን እንደ ተሸከምኩ፣ የእሳቸው ካፖርት እጅጌ ፊቴ ላይ ሆኖ።

ከበርጩማው ተነሡ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዩን ያዙት። «አውርድ፣ ልጄ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አሉ። አራት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም መሆኑን አልነገርኳቸውም። ከእጃቸው አመለጠና የቁም ሣጥኑ ወለል ላይ ወደቀ፤ ቤቱ ተናጋ። ከታች ያለው ጎረቤት ወዲያው በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ደበደበ፤ ለካ እዚህ አገር ድምፅ ማሰማት የማይፈቀድበት የምሳ ዕረፍት ሰዓት ነው። ሶሊያና እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ብቅ አለች። «ፓርዶን» አለች፣ «ግን ድምፁ በጣም ቆንጆ ወጣ። ልጠቀምበት?» እትዬ ሕብስት መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ እኔም።

«እኔ ዘገየ ነኝ» የሚለውን አንድ ጊዜ ብቻ ቀረጽን። የዚህ አገር ልጆች እንደሚሉት፣ ሱፐር።

ድንጋዩን እዚያው ተውኩት። ነፋስ ሲኖር የሚደበደበውን የበረንዳ በር ይይዝላቸዋል። ቦርሳዬ ባዶ ስለሆነ ምሳ የተረፈውን ሞሉበት።

ኖቬምበር 24፣ ሰኞ

ለሙጃሂድ ሁሉን ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠና «እኔ ነኝ የለቀቅኩት፣ እኔ ነኝ ድንጋዩን የመረጥኩት፣ ስሜ ጌሙ ላይ ይጻፍ» አለ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ብዙ ቆየ፤ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ሳሙና ገብቶበት ነው አለ። የእኔን ጉሮሮ ስንት ጊዜ እንዳመነልኝ ስላሰብኩ አመንኩለት።

ኖቬምበር 30፣ እሑድ

ወጥ ቤት ነበርኩ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ጠራ። ሙጃሂድ አጎንብሶ አየውና «ዜሮ ሃያ ሁለት» አለ። የሚበላውን ዳቦ አስቀመጠ።

እጄን በጨርቅ ጠርጌ አነሣሁት።

«ሄሎ። ይልማ ነኝ።»

ከወዲያ የውኃ ድምፅ ይሰማል፤ የእትዬ ሕብስት ቧንቧ ተፈትቶ መሆን አለበት። ወፍራም የወንድ ድምፅ ነው። ያኔ ቀጭን ነበር።

«ሚሊዮን ነኝ» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ እሱንም ያመዋል መሰለኝ። «ይልማ፣ ዛሬ በልተሃል?»

«ገና ነኝ» አልኩት። «ሽንኩርቱን እየከተፍኩ ነው።»